እናቴ የቆመችበት ሰልፍ

ልጅ እያለሁ፣ ሰቆጣ ውስጥ ሰው የሚመረጠው በጀርባው ነበር። ለቀበሌ ሊቀመንበርነት የተጠቆሙት ሰዎች በትምህርት ቤቱ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡም ከፈለገው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ሰልፉ የረዘመለት ያሸንፋል። ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ ግን ዞር ብሎ ማየት ክልክል ነው። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን ስናያቸው፣ ረብሸው የተቀጡ ትልልቅ ተማሪዎች ይመስሉን ነበር።

አንድ ዓመት ከተጠቆሙት አንዱ አባቴ ሆነ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር፣ ከሙስሊሞቹ ሱቆች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ሰው ወደ እሱ የሚመጣው ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ጠቡንም ይዞ ነው፤ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እዚያ በረንዳ ላይ ነበር። ሲጠቆም «እኔ ምን አውቄ» ይበል እንጂ ደስ ብሎታል። ለሰው እንጂ ለራሱ ሰፍቶ የማያውቀው ሰውዬ ለዚያ ቀን አዲስ ኮት ሰፋ፤ ቤታችን በአዲስ ጨርቅና በካውያ ሽታ ሰነበተ።

ሌላው አቶ አየነው ነበሩ፣ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የግብርና ሠራተኛ። ሚስት የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፣ ኪሳቸው ግን ከረሜላ አያጣም። አነጋገራቸውን እየቀዳን ስንስቅ አብረውን ይስቁ ነበር።

ያን ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና ነገር መጥቶ ነበር። ሊቀመንበር የሆነ ሰው የጎረቤቱን ልጅ ከቤቱ አውጥቶ ማስረከብ ሊኖርበት ነው። የተጠቆመ ሰው ደግሞ አልፈልግም ቢል አብዮቱን ጠልቶ ነው ይባላል። አባቴ ይህን ሁሉ ያሰበው አይመስለኝም፤ ኮቱን ነበር የሚያስበው። እናቴ ግን አስባዋለች። ውኃ ልንቀዳ ወርደን ሳለ፣ ሴቶቹ የቢሮ ሰው ቢያልፍ እንዳይሰማ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ሲመካከሩ ሰማኋቸው። እናቴ እንዲህ አለች፦

«ይህን ሥራ አንዱ መሥራቱ አይቀርም። አቶ አየነው ሲጨርሱ አገራቸው ይገባሉ። የኔ ባል ልጅሽን ይዞ ካስረከበ ግን፣ እኔና አንቺ የት እንገባለን?»

የምርጫው ቀን ሰልፉ ከአባቴ ኋላ መርዘም ጀመረ። ነጋዴዎቹ መጡ፣ የዕድሩ ሰዎች መጡ። በዚህ መሀል እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከሴቶቹ መካከል ወጣች፤ የባሏን ሰልፍ አልፋ ሄዳ ከአቶ አየነው ኋላ ቆመች። ሴቶቹ ተከተሏት። ቆይተው ወንዶቹም፣ የገዛ ሚስቱ ያልመረጠችውን እኛ ምን አግብቶን ብለው ይመስለኛል፣ አንድ ሁለት እያሉ ተሻገሩ። ዙሩ ሲባሉ አባቴ መጀመሪያ ያየው እናቴን ነው።

ኮቱን ሣጥን ውስጥ ከቶ ለብዙ ጊዜ አኮረፋት። በኋላ ግን ሊቀመንበሩ አቶ አየነው ያስረከቧቸው የሰፈራችን ልጆች ጭነት መኪና ላይ ሲጫኑ ከበረንዳው ሆኖ አየ። ሥራውን አጣጥፎ በጊዜ ቤት ገባና፣ «አንቺ ነሽ ያወቅሽ» አላት።

አቶ አየነው ከረሜላ መያዝ ተዉ። ሰው ሰላምታ ነሳቸው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። እሳቸው ግን «ባላቸውን ትተው እኔን እንግዳውን የመረጡ ሴት» እያሉ እናቴን በየሄዱበት ያመሰግናሉ። እሷም በየበዓሉ ድፎ ዳቦና ጠላ ትልክላቸዋለች። እሷ በላከች ቁጥር ምስጋናው ይበዛል፤ ምስጋናው በበዛ ቁጥር እሷ ትሸማቀቃለች።

ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ አቶ አየነው ወደ ወልድያ በሚሄድ ጭነት መኪና ሊወጡ ሆነ። ሊሸኝ የወጣው የኛ ቤት ሰው ብቻ ነበር። አባቴ ያንን ኮት ከሣጥን አውጥቶ አለበሳቸው። እሳቸውም ለእናቴ ጎንበስ ብለው፣

«እመት ብርቄ፣ በሰው አገር ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት» አሏት። «ያን ቀን ዞሬ ከኋላዬ ሳይዎት፣ የወለደችኝን ያየሁ ነው የመሰለኝ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እውነቱን ልትነግራቸው ነበር፤ አውቃታለሁ። አባቴ ክንዷን ያዝ አደረጋትና፣ «ተይ፣ መንገደኛ ናቸው» አላት በቀስታ።

ዛሬ ምርጫው በሣጥን ነው። ከመጋረጃ ኋላ ገብቼ ምልክት አደርጋለሁ፣ አጥፌ እከታለሁ፤ ማንም አያየኝም። ደግ ነገር ነው። እናቴም ያኔ ይህ ቢኖርላት ባሏን ሳታሳፍር፣ ከሰውም ያልተገባ ምስጋና ሳትቀበል ትወጣ ነበር። እኔ ግን ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር ግድግዳ እያየ የተቀመጠ ሰው ጀርባ ይታየኛል፤ እጄም ትንሽ ይዘገያል።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ከጎጃም የመጣ ሰው ካገኘች፣ አየነው የሚባሉ የግብርና ሠራተኛ አገራቸው ገብተው እንደሆነ ትጠይቅ ነበር። ገብተዋል ያላት ሰው አልነበረም።