ምጽዋ፣ ከገና በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ከሰልባጅ ክምር ሥር አንድ ቢጫ ቀሚስ ስቤ አወጣሁ። ስስ ነው፤ እጅጌ የለውም፤ በጣቶቼ መሀል ሲያልፍ ውኃ የነካሁ መሰለኝ። ዙሪያው ሁሉ ካፖርትና ሹራብ ነበር፤ ሻጋታና ሳሙና የተቀላቀለበት ከባድ ሽታ ነበረው። ሻጩ ትከሻውን ሰብስቦ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ፣ "እሱን ተይው፤ በስህተት የመጣ ነው። እዚህ አገር ማን ይለብሰዋል?" አለኝ።

የሚለብሰው ሰው አውቃለሁ። እናቴ እንዲህ ያለ ቀሚስ ከዚሁ ገበያ ገዝታ ነበር፤ ያውም በጥቅምት ውርጭ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቤታችን ውስጥ ከምጽዋ በቀር ሌላ ወሬ ያልነበረበት ጊዜ።

እናቴ ያደገችው ምጽዋ ነው። አያቴ የመርከብ ሞተር ይጠግን ነበር። ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሸዋ ሲመለስ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየችም። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ የብርድ ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ኮረዳ ሆነች፣ ከአንኮበር የመጣ መሪጌታ አገባች፣ እኔን ወለደች። መሪጌታው አባቴ ነው። ሰው ሁሉ መሪጌታ ስለሚለው እሷም መሪጌታ ትለዋለች፤ ስትቀልድበት ደግሞ "እርስዎ" ትለዋለች። "እርስዎ የሚያውቁት ውኃ ሁለት ነው፤ ጠበልና ዝናብ" ስትለው ትዝ ይለኛል።

ያን ዓመት መስከረም ላይ ድንበሩ ተከፈተ። ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አየን። እናቴ ቆማ ነው ያየችው፤ ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ዜናው ሲያልቅ "በአውቶቡስ ይኬዳል ማለት ነው?" አለች።  በማግስቱ ከሂሳብ ደብተሬ መሀል ሁለት ገጽ ገንጥላ ወሰደች።

አንደኛው ገጽ ላይ መንገዱን ጻፈች። ደሴ ማደር፣ መቀሌ ማደር፣ አስመራ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ባሕሩ። ሁለተኛው ላይ ከተማዋን ሣለች። ሁለት ደሴት፣ በመሀላቸው ግራና ቀኙ ባሕር የሆነ መንገድ፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ የእንጨት ሰገነቶች። እርሳሷን እየጠቆመች ታስረዳን ነበር። "እዚህ ጨው ይከመራል፤ ከሩቅ ስታዪው በረዶ ይመስልሻል። እዚህ ጋ ዓሣ የሚጠብስ ሰውዬ አለ። ነበረ እንጂ። እዚህ ደግሞ ቤታችን።" ቤታቸውን ስትሥል መስኮቱን ሦስት ጊዜ ሠረዘችው፤ የቱ ጋ እንደነበር እርግጠኛ መሆን አቅቷት።

እኔ ያን ጊዜ ባሕር ሳላይ ስለ ባሕር የምጽፍ ልጅ ነበርኩ። ማዕበሉ እንደ አንበሳ ያገሳል የሚል ግጥም አነበብኩላት። ሳቋን አፍና አዳመጠችኝና፣ "የምጽዋ ባሕር አያገሳም፣ ልጄ። እንደ ድመት ነው፤ እግርሽን ይልስሻል" አለችኝ። ግጥሙን ቀደድኩት። አሁን ድረስ ያልጸጸተኝ ሥራ እሱ ነው።

አባቴ የተጨነቀው ስለ ሙቀቱ ነበር። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ በዚያ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት በብርድ የኖረ ሰውነት ድንገት እሳት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል ብሎ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አመጣ። አንኮበር ሥር ያለው ቆላ ወርደን አንድ ቀን እንሞክረው፤ ከቻልሽው ምጽዋ እንሄዳለን፤ ካልቻልሽው ይቀራል።

"ፈተና ነው?" አለች እናቴ።

"ፈተና ነው።"

"ፈታኙስ ማን ነው? እርስዎ?"

በጥቅምት ማብቂያ፣ በቆላዋ ከተማ በአልዩ አምባ የገበያ ቀን ተነሣን። መጀመሪያ አንኮበር አክስቴ ቤት ገባን። አክስቴ መንገደኛ ባዶ እጁን አይወጣም ብላ ጭኮ አዘጋጅታ ነበር፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። አንኮበር ላይ ጭኮ በቢላ ነው የሚቆረጠው። አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ከረጢት ውስጥ ከተተው፤ ጋቢውንም ከላዩ ደረበ። እናቴ "ጋቢው ይቅር" አለችው። "ጠዋት ላይ ይበርዳል" አለ።

በአንዲት አሮጌ ፒካፕ ቁልቁል ወረድን። ጭጋጉ መጀመሪያ ከሥራችን ነበረ፣ ከዚያ ከበበን፣ ከዚያ ከላያችን ቀረ። የጦስኙ ሽታ ጠፋ፤ የደረቀ ማሽላና የአቧራ ሽታ መጣ። አየሩ እየወፈረ ሄደ። እናቴን ልብ ብዬ ሳያት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳለች፤ በቢጫው ቀሚስ፣ በተራቆተ ክንዷ፣ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ተቀምጣለች። ክንዷን በቀን ብርሃን ስታራቁት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። ከፊቷ የነጣ ነበር።

ስንደርስ ገበያው ሞቅ ብሏል። ሽርጥ ያገለደሙ ነጋዴዎች፣ ግመሎች፣ የፓፓያ ክምር። እናቴ በመሀሉ እንደ ቤቷ ትዘዋወራለች። አባቴ ግን ጥምጣሙ ሥር ላቡ ይንቆረቆራል፤ ጋቢውን አላወልቅም ብሏል። ድንገት ፓፓያ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጣቷን ወደ ጎኑ ዘርግታ ጮኸች።

"አባባ! ወላሂ እየፈሰሰ ነው! እኛ አገር ቅቤ ራስ ላይ ነው የሚቀቡት፤ እናንተ ጎን ላይ ነው እንዴ?"

ጭኮው ቀልጧል። ቅቤው ከረጢቱን አልፎ፣ ቀሚሱን አልፎ፣ ጋቢው ላይ የአገር ካርታ ሠርቷል። አባቴ ከረጢቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ የቱን ቀዳዳ እንደሚደፍን ግራ ገብቶት ቆመ። እናቴ ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ የወጣ ነበር፤ አንድ እጇን ፓፓያው ላይ ተደግፋ፣ እንባዋን በሌላው እየጠረገች። ባለ ፓፓያዋም አብራት ሳቀች። አባቴ በመጨረሻ ጋቢውን አወለቀ።

ሴትዮዋ የዳስ ጥላ ሥር አስቀምጣ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ሰጠችው። "ሙቀቱ ጎዳሽ ወይ?" ብሎ እናቴን ጠየቃት፤ እሱ ራሱ እያለከለከ።

"የትኛው ሙቀት? በዚህ ዓይነቱ ቀን እኮ ምጽዋ ላይ ሹራብ እንለብስ ነበር።"

ከሰዓት በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ወንዙ ወሰደችኝ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ከፍ ብሎ አንድ የረጋ ኩሬ ነበር። በቀሚሷ ገባች። ወገቧ ድረስ፣ ደረቷ ድረስ፣ ከዚያ በጀርባዋ ተጋደመች። ውኃው ላይ። ዓይኗን ጨፍና፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ ቢጫው ቀሚስ ዙሪያዋን ተነስንሶ። እኔ ጮኽኩ፤ የሰመጠች መስሎኝ። "ነይ" አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። "አንገትሽን ልቀቂ። አንገቱን ያልለቀቀ ሰው ይሰምጣል።" ለቀቅኩ መስሎኝ ሰመጥኩ። አፌና አፍንጫዬ ጭቃ ውኃ ሞላ። እኔ እያሳልኩ፣ እሷ እየሳቀች አወጣችኝ። "እዚያ ጨው አለ" አለች፤ "እዚያ ባሕሩ ራሱ ይሸከምሻል።"

ቀና ስል አባቴ ከኋላችን ቆሟል። ስንት ደቂቃ እንደቆመ አላውቅም። ከንፈሩ ተከፍቷል። ከዚያ ዞረና፣ ማንም በዚያ መንገድ እንዳይመጣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሲመሻሽ ወደ መኪናው ስንሄድ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ ዋና መቻሏን አላውቅም ነበር" አለኝ።

ሽቅብ ስንመለስ እናቴ ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም። "ፈተናውን አልፌያለሁ። መቼ ነው የምንሄደው?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ዛሬም ሳስበው እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። የገና ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናቴ በሦስተኛው ቀን መሄድ ትፈልግ ነበር። አባቴ ጣቱን እየቆጠረ መንገዱን አሰላው። ደርሰን ሳንጠግብ ጾሙ ይገባል። እኛ ቤት ደግሞ ጾም ጾም ነው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በራችንን አልፎ አያውቅም፤ አይበላም።

"ምጽዋ ድረስ ሄደሽ ምስር ወጥ ልትበይ ነው?" አላት። ሊያስቀራት ፈልጎ አልነበረም፤ ድምፁን እሰማው ነበር፤ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነው። "ከገና በኋላ እንሂድ። እኔም ማኅሌቱን ቆሜ፣ አንቺም ጾሙን ፈትተሽ፣ ተረጋግተሽ ትበያለሽ።"

 እናቴ ለራሷ የምታወራ ይመስል ስለ ዓሣው መናገር ጀመረች። ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተለቅልቆ፣ የሸክላ ምድጃው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፤ ቆዳው ሲጠቁር፤ ስሱ ቂጣ ከእሳቱ ወጥቶ ሲሰነጠቅ። ሰውዬው በጋዜጣ ላይ ነበር የሚያቀርብላቸው፤ አያቴ እሾኹን እየለቀመ ለእሷ ያቀብላት ነበር።

"እሺ" አለች። "ከገና በኋላ።"

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት፣ ማመን ቢያስቸግርም፣ ከሕይወቴ ደስ የሚሉት ናቸው። ጾም ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቤታችን ግን የባሕር ዳር ቤት ሆነ። እናቴ ከፋብሪካ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አንድ ነገር ታስታውሳለች። "ከሰዓት ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ፀሐይ ሳይበርድ ማንም አይወጣም።" አባቴ ስስ ሸሚዝ ገዛ። ቤት ውስጥ ለብሶት እየተንቀጠቀጠ፣ "እንዴት ነኝ?" ብሎ ጠየቀን።

ታኅሣሥ አጋማሽ ካለፈ በኋላ የአውቶቡስ ሰዓት ልጠይቅ መናኸሪያ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ ራሱን ነቀነቀ። "እስከ አዲግራት ልቁረጥልሽ። ከዚያ ወዲያ ግን ወረቀት አምጡ እየተባለ ሰው ከድንበሩ እየተመለሰ ነው።"

"ከገና በኋላስ?"

"እህቴ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?"

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አየችና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ነገርኳት። "ለዓሣ ብዬ" አለች። ፈገግ ልትል ሞከረች። "ለአንድ ዓሣ ብዬ፣ አየሽ?" ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ማታውን ሰማ። የገና ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ ለሳምንት ያህል በሹክሹክታ ነው ያወራው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ብዙዎች ከዓሣ የሚበልጥ ነገር አጥተዋል፤ ስለዚህ እናቴ ስለ ምጽዋ ማንሣት አፈረች። እኛም አላነሣንባትም።

አንድ ነገር ግን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። የገና ጾም በገባ ሰሞን የደብሩ አስተዳዳሪ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ "አባትሽ ምን ሆኖ ነው በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ ፈቃድ የሚጠይቀኝ?" አሉኝ። "'ድንገት መንገድ ብሄድ ለገና በእኔ ቦታ እገሌ ይቁም' ይለኛል። ተተኪውን ራሱ አሠልጥኖ ያመጣል። ከዚያ የትም ሳይሄድ ራሱ ይቆማል።"  ጉልበታቸውን ስሜ አለፍኩ። ለአባቴም ማወቄን አልነገርኩትም።

በዚያው ሳምንት የእናቴ የሥራ ባልደረባ ወሬ ይዛ መጣች፤ መንገዱ ሊከፈት ነው አሉ የሚል። እንዲህ ያለ ወሬ በየጊዜው ይመጣል፤ እውነት ይሁን አይሁን እስካሁን የምናውቀው ነገር የለም። ከሰዓት ነው፤ አባቴ ከቅዳሴ ተመልሶ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ በመስኮቱ የምትገባው ቀጭን ፀሐይ እግሩ ላይ አርፋለች። እናቴ ምስር ትለቅማለች። ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ፣ "ቢከፈትስ ምን ዋጋ አለው፤ ጾም ገብቷል" አለች። "እርስዎ ደግሞ ከገና በኋላ ይላሉ።"

አባቴ መጽሐፉን ዘጋው።

"በተከፈተ ማግስት እንሄዳለን።"

"ጾምስ?"

"ጾም ነው።"

"ዓሣውስ?"

 እናቴ ቀና ብላ አየችው።

"እኔ ቆሎዬን ይዤ ከአጠገብሽ እቀመጣለሁ" አለ። "አንቺ ብይ። እኔ ባሕሩን አያለሁ።"

የእናቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አንድ ሁለት ምስር ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ማናችንም አላነሣነውም።

"ዓሣው እሾኽ አለው" አለች፤ "ቀስ ብዬ ነው የምበላው። ይመሽብሃል።"

"ይምሽብኝ" አለ አባቴ።