ጋሼ ፍሬንና ነገረኛዋ መኪና

ሰፈሩ አባቴን የሚያውቀው «ጋሼ ፍሬን» በሚለው ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነበርና። የሚያስተምርባት አሮጌ መኪና በሯ ከፍ ተደርጎ በኃይል ካልተገፋ አይዘጋም፤ ቀበቶ የሚባል ነገር አልተሠራላትም፤ የኋላ ማርሿ የሚገባው ለእሱ ብቻ ነበር። እሱ ይህን ሁሉ ጉድለት አይለውም፤ «ጠባይዋ ነው» ይላል።

ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ፣ መንዳቱን ትቶ እኔ እንዳደርሰው ብዬ ዘመናዊ መኪና ገዛሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ሁለቱን በወጉ አነጻጽሬ አስረዳሁት፤ ነዳጁን፣ ፍሬኑን፣ የአየር ከረጢቱን። አዳምጦ ሲያበቃ ከጎኔ ገባና በሩን እንደ ለመደው ደረገመው። ጥርሴን ነከስኩ።

ገና ሳንነቃነቅ መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች።

«ምን ሆነች?»

«ቀበቶህን እሰር እያለችህ ነው፣ አባዬ።»

«እኔን? አገር ምድሩን ያስተማርኩትን?»

«ሰው አትለይም።»

«እንግዲያው ባለጌ ናት። የኔዋ ይህን ሁሉ ዘመን ስትሸከመኝ አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።»

«ቃልማ አትናገርም፤ ትስላለች እንጂ።»

ሳቀ። «በይ ስሚኝ። ይቺ ነገረኛ አንድ ቀን አፏን ሳትከፍት ገበያ አድርሳ ከመለሰችኝ፣ የኔዋን ቁልፍ እሰጥሻለሁ።»

እሱ ቀበቶ አያስር፣ እሷ አትተው፤ ቁልፉ ከኪሱ ሳይወጣ ከረመ።

አንድ ጠዋት አሮጌዋን ጎኗ ተፍቆ አገኘኋት። ቀለሟ፣ አባቴ ራሱ ባቆመው የግቢያችን በር ምሰሶ ላይ ቀርቷል። እሱ አጠገቡ ቆሟል።

«ምሰሶው ተጠግቷል» አለኝ።

«ይመስላል» አልኩት።

ዞሮ የኔዋን በር ከፈተ። ቀበቶውን ባዶው ወንበር ላይ ስቦ ቆለፈውና ከላዩ ተቀመጠበት። ገበያ ደርሰን ተመለስን፤ መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። ሲወርድ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረው።

«አሸነፈችኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ የሚቀመጠው እንደዚያው ቀበቶው ላይ ነበር። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ለደህንነትህ ነው» ስለው፣ «ዝም አላለችም? ምን ቀረሽ?» ይለኛል።

በኋላ አባቴን የወሰደው ሕመም ከመንገድ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ቀበቶው ግን ባዶ ወንበር ላይ እንደ ታሰረ ነው፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ካለ ከኋላ እንዲቀመጥ እለምነዋለሁ። ሁሉን ታውቃለች ተብላ የተገዛች መኪና፣ አባቴ አሁንም ቀበቶውን አስሮ የተቀመጠ ይመስላታል። እኔም አላረምኳትም።