«ደወሉን የሰማ ይገብር»

የወይዘሮ በለጡ ኑሮ ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ ካለችው ማሳቸው አይዘልም። ጎመኑንና ድንቹን ሾላ ገበያ አውርደው ይሸጣሉ፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ለኪዳን ወደ ደብሩ ይወጣሉ። ዘንድሮ ያው ደብር «ማሳው የኔ ይዞታ ነው» ብሎ ከሰሳቸው። ማስረጃው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቃል ነበር፤ ጥንት መሬቱ ለደብሩ ሲሰጥ «ደወሉን የሰማ ይገብር» ተብሏል።

ነገሩ ዳኛዋን ገረማቸው። «እስቲ ሄደን እንስማው» አሉ።

በቀጠሮው ዕለት የደብሩ ድምፅ ማጉያ እንዲዘጋ ተደረገ። ዲያቆኑ የጥንቱን የድንጋይ ደወል ሊመታ እዚያው ደብሩ ቀረ። ዳኛዋ፣ የደብሩ ተወካይ መሪጌታ በርናባስ፣ ወይዘሮ በለጡና ልጃቸው ሃኒ ጎመኑ መሀል ቆመው ጆሯቸውን አቀኑ። ከታች መኪናው ይጮኻል፤ ከላይ ባሕር ዛፉ ይንሿሿል። ደወል የሚባል ነገር ግን የለም። መሪጌታ ደውለው ጠየቁ።

«እየመታሁ ነው» አለ ዲያቆኑ በስልክ።

ይሄኔ ከወይዘሮ በለጡ ቤት ጓሮ ተኝቶ የነበረው ውሻቸው ጠርጥር ብድግ አለና ወደ ጋራው አንጋጦ ያላዝን ጀመር።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«ጅብ ሸትቶት ይሆናል» አለች ሃኒ፣ እናቷን በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

ወይዘሮ በለጡ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። ይህች ማሳ ከሄደች ሌላ የላቸውም። በደወል መዋሸቱ ግን ከበዳቸው።

«የለም፤ ደወሉ ሲመታ ሁሌም እንዲህ ነው። እኔም ለኪዳን የምነሳው በሱ ነው።»

የመሪጌታ ፊት ሊፈካ ሲል መልሶ ግራ ተጋባ። «አንቺ ራስሽ አትሰሚውም እንዴ?»

«እዚህ ጎጆ ከወጣሁ ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም፣ መሪጌታ። ከጠርጥር በፊት እናቱ ነበረች የምትቀሰቅሰኝ።»

ዳኛዋ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «መሪጌታ፣ ያንን ቃል እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ደወሉን የሰማ ይገብር።»

«የሰማው እንግዲህ ውሻው ነው። ውሻ ይገብራል?»

መሪጌታ ጺማቸውን ይዘው ከልባቸው አሰቡበት። «ውሻስ አይገብርም» አሉ በመጨረሻ።

ማሳው ለወይዘሮ በለጡ ተፈረደ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጠርጥር እንደ ልማዱ ወደ ጋራው አንጋጦ አላዘነ፤ እሳቸውም ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ጋራውን ወጡ። መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ዛሬም ጠርጥር ነው የላከሽ?»

«እሱ ነው። ግብሩን በኔ ልኳል» አሉና ከዘንቢላቸው አንድ እስር ጎመን አውጥተው ሰጧቸው።