ያልተወጋው ቤት

የትነበርሽ አለነ በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ባቄላና ገብስ መስፈር ከጀመረች ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏታል። እጇ አይሳሳትም። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግና ስንት ፍሬ እንደያዘች ትናገራለች፤ አላምንም ብሎ የቆጠረ ሰው አፍሮ ይመለሳል። ገበጣም የምትጫወተው በዚሁ እጅ ነው። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ገበጣዋን ከጆንያው ጀርባ ታወጣለች፤ ከጎረቤት ነጋዴዎች አንዱ ይመጣና ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ ተሸንፎ ይነሳል። ሌላው ይተካል፤ እሱም ይሸነፋል። በወገራ የትነበርሽን የሚረታ ገና አልተወለደም ይባል ጀመር። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወሬውን ወዳዋለች።

ጨዋታውን ያስተማረቻት ፈንታዬ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከመንደራቸው ማዶ የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ነበሩ፤ ፈንታዬ ከእነሱ አንዷ ናት። ሸክላው በፀሐይ እስኪደርቅ ድረስ መሬት ላይ በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ትቆፍርና የአሥር ዓመቷን የትነበርሽን ጠርታ ታጫውታታለች። ማጫወት ከተባለ ነው እንጂ፣ ትገርፋታለች ማለት ይቀላል። ልጅ ናት ብላ አንዲት ጠጠር አትምራትም። የትነበርሽ ስታለቅስ፣ «የማዝንልሽ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ነው፤ አሁን ጠጠርሽን ደልድይ» ትላት ነበር። ፈንታዬ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምህረት ከወገኖቿ ጋር ወደ እስራኤል እስክትሄድ ድረስ የትነበርሽ ያሸነፈቻት ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። ዘጠኙንም አንድ በአንድ ታስታውሳቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ያሸነፈቻቸውን ግን ለማስታወስ ሞክራም አታውቅም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት በወጣ በሳምንቱ ነው። የጨው ነጋዴው አለበል ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። በገበጣ ሕግ የመጨረሻዋ ጠጠር የባላጋራን ባለ ሦስት ጠጠር ቤት አራት ካደረገችው ያ ቤት ተወጋ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የወጊው ነው። የትነበርሽ ሳታስበው አንድ ቤቷን በሦስት ጠጠር ክፍት ትታለች። ሕፃን ልጅ የሚያየው ስህተት ነው። የአለበል እጅ ወደሚወጋበት ጠጠር ሄደ፤ ከዚያ አየር ላይ ቆመና ወደ ሌላ ቤት ዞረ።

«ምነው ይህን ቤት ሳትወጋው?» አለችው።

አለበል ሳቀ። «ኧረ እትዬ፣ እርስዎን ደፍሬ?»

እሱ እንደ ሙገሳ ነው የተናገረው። የትነበርሽ ግን ገበጣዋን ሰብስባ ተነሳች። ያን ዕለት አንድ ባንድ ዞራ ጠየቀች፤ ነጭ ሽንኩርት ሻጯን፣ ጨርቅ ነጋዴውን፣ የመናኸሪያውን ትኬት ቆራጭ። ሁሉም ሳቁ። ታላቅ አይደሉ እንዴ፣ እናትን ማን አሸንፎ ያሳፍራል፣ ደስ ይበላቸው ብለን ነው አሏት። ደጎች ናቸው፤ ሰው በደግነት ሲበድል ደግሞ ከማን ይከሰሳል? ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። ሽንፈት አላስለቀሳትም፤ ያስለቀሳት ምን ያህል እንደምትችል አለማወቋ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በአንድ ነገር ጎበዝ ነኝ ብላ ኖራ፣ እሱም የሰው ምጽዋት ሆኖ ተገኘ።

ልጇ ሚስጥር ጎንደር ከተማ፣ አራዳ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን በስልክ ስታወራ፣ ያተሙትን ማስታወቂያ ለጨዋታ ያህል አነሳችላት። የጨዋታ ወዳጆች ትልቅ ጉባኤ በከተማው አዳራሽ ሊደረግ ነው፤ ከየአገሩ ወጣት ይመጣል፤ የሥዕል መጽሐፍ ጀግና መስለው የሚለብሱ አሉ፤ የውጭ አገር የገበታ ጨዋታዎች በየጠረጴዛው ይዘረጋሉ፤ ዳማና ገበጣም ውድድር አላቸው። የትነበርሽ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፤ መቼ ነው አለች። ሚስጥር ደነገጠች። የልጆች ነገር መሆኑን፣ ቀንድ ለጥፈው ክንፍ ሰፍተው የሚመጡ መሆናቸውን፣ ሰው እንደሚስቅባት ነገረቻት። እናቲቱ ቀንዱ እኔን አይወጋኝ አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። በአምባ ጊዮርጊስ የሚያውቃት ሁሉ ይምራታል፤ ጎንደር የማያውቃት ሰው ምን ዕዳ አለበት? ከባዳ ጋር ከተጫወተች እውነቱን ታውቀዋለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። የማያውቃት ሰው የምትለው ያው ታላቅ አክብሮ ያደገ የጎንደር ሰው መሆኑን ረስታው ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ከሚስጥር ጋር አዳራሹ ደጃፍ ደረሰች። ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ፊቱን አረንጓዴ የተቀባ ጎረምሳ ሲያልፍ አይታ ልጄ አሞህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ልጁ ቀለሙ እስኪፈርስ ሳቀና እጇን ይዞ እስከ ገበጣው ጠረጴዛ አደረሳት። ለውድድሩ አርባ ሰው ተመዝግቧል፤ እያንዳንዱ ስምንት ጨዋታ ይጫወታል፤ ብዙ ያሸነፈ ይቀድማል። ዳኛው ዋኘው የሚባል ቀጭን ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ አንጠልጥሏል። ዕድሜዋን ሲመዘግብ ብዕሩን ቆም አደረገና ወንበሩን ለቆላት ተነሳ። የትነበርሽ ይህን አየች፤ ግን ጨዋነት ነው ብላ አለፈችው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈች። ሁለተኛውን ከይመኙሽ ጋር ነው የገጠመችው፤ ይመኙሽ እንደ ጥንት ጦረኛ በካርቶን የተሠራ ጥሩር የለበሰች ልጅ ናት፤ እሷንም አሸነፈች። ሁለቱም ሲያበቁ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። ሦስተኛው ባላጋራዋ አዳነ ይባላል፤ ሒሳብ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ስሙ የታወቀ ነውና ጠረጴዛቸውን ሰው ከበበው፤ ቪዲዮ የሚቀርጽም አለ። አዳነ ጨዋታውን ሲከፍት የትነበርሽ ነፍሷ ቀና አለች። ጠጠሩን የሚያፈሰው ሳይቆጥር ነው፤ ሦስት ዙር ቀድሞ ያያል፤ በሦስት እጅ ሁለት ቤቷን ወጋ። ደሟ ሞቀ። እንዲህ ያለ እጅ ካየች ሠላሳ ዓመቷ ነው።

ከዚያ ሦስተኛ ቤቷን ሊወጋ ደረሰ። ተመልካቹ ተጠጋ። አንዱ ከኋላ፣ እናትዬዋን ሊያራግፋቸው ነው ብሎ አጉረመረመ። አዳነ ሰማ። እጁ ከጠጠሩ በላይ ቆመ፤ ቀና ብሎ የነጠላዋን ጥለት፣ የጠጉሯን ሽበት አየ፤ ከዚያ ከሌላ ቤት ዘግኖ ዘራ። ከዚህ በኋላ ያለው ጨዋታ ጨዋታ አልነበረም። የትነበርሽ ሃያ ሰባት ለሃያ አንድ አሸነፈች፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ዋኘውን ጠራችና ይህን ድል እንዲሰርዝላት ነገረችው። ቀድመው የነበሩትንም ሁለቱን ጭምር። ዋኘው ግራ ገባው፤ ያሸነፈ ሰው ሲያመለክት አይቶ አያውቅም። ሁለቱም ተጫዋቾች ከተስማሙ ጨዋታ ሊደገም እንደሚችል፣ የሚደገመውም በምሳ ሰዓት ብቻ እንደሆነ፣ እሱም አሁን መግባቱን አስረዳት። ምሳ አያስፈልገኝም አለችው።

አዳነ ፊቱ ቀላ። በዝግታ፣ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ እናቴን የሚያክሉ ሰው ነዎት። ይህ ሁሉ ሰው እያየ እንዴት ላዋርድዎ?» አላት።

«ብታሸንፈኝ አታዋርደኝም ነበር» አለች የትነበርሽ። «አንተ ያዋረድከኝ ስትተወኝ ነው። ከወገራ ድረስ የመጣሁት እጄን ልመዝነው ነው፤ አንተ ደግሞ ሚዛኑን በጣትህ ተጫንከው።»

አዳነ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደሚጫወትም ቃል ገባ። ቃሉ ግን ከጉሮሮው በላይ መሆኑን አወቀችበት። ሕዝቡ እዚያው ቆሟል፤ ቪዲዮው እየተቀረጸ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ በአንድ ይቅርታ የሚፈታ ቋጠሮ አይደለም። እንደገና ቢቀመጡ እንደገና ይምራታል፤ ይህን ጊዜ ተጠንቅቆ፣ እንዳታውቅበት አድርጎ ይምራታል። ታዲያ ምን ይደረግ? በሽበቷ የመጣባትን ነገር በሽበቷ ለመመለስ ወሰነች። ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አዳነ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ይዤሃለሁ። የምትወጋውን ቤት አይተህ ብታልፍ፣ አንዲት ጠጠር ብትምረኝ፣ እናቱን የናቀ ሁን።»

ክንፍ የሰፋውም ቀንድ የለጠፈውም እዚያው ደርቆ ቀረ። ታላቅን ማሸነፍ ነውር ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ ታላቅ በታቦት ይዛው እንቢ ማለት ከዚያ የባሰ ነውር መሆኑንም አብሮ ተምሯል። አዳነ ግንባሩን ጠረገ። ጠጠሮቹን አራት አራት አድርጎ በየቤቱ ደለደለ፤ ዳግመኛም ቀና ብሎ አላያትም።

ይህን ጊዜ ተጫወተ። የትነበርሽም ያላትን ሁሉ አወጣች፤ ሁለት ቤት ወጋችበት፤ አንዴ እንዲያውም ጨንቆት በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማችው። ግን ልጁ ይበልጣታል። ሠላሳ ለአሥራ ስምንት አሸነፋት። አመማት። አላመመኝም የሚል ተሸናፊ ውሸታም ነው። ሚስጥር ውሃ አቀበለቻትና በቃ ቤት እንሂድ፣ ምን አስጨነቀሽ ብላ ለመነቻት። የትነበርሽ ውሃውን ጠጥታ ጨረሰችና ይመኙሽን ጥሪልኝ አለች።

ይመኙሽንም በጊዮርጊስ ያዘቻት፤ ልጅቷ የካርቶን ጥሩሯን አውልቃ እጅጌዋን ሰበሰበች። ለካስ ጠንካራ ናት። ጨዋታው ከምሳው ሰዓት አብዛኛውን በላው፤ የትነበርሽ በሁለት ጠጠር ብልጫ አሸነፈች። የመጀመሪያውንም ባላጋራዋን ደገመች፤ አሸነፈችው። ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ መዳፏን አየችው፤ ደስታው ከአንጀቷ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የራሷ ናቸው፤ ማንም ያልሰጣት።

ከዚያ በኋላ ያለ ግዝት አልተቀመጠችም። በቀሩት አምስት ጨዋታዎች፣ በዚያው ቀንና በማግስቱ፣ ባላጋራዋ ገና ወንበር ሲስብ ትይዘዋለች። ሙስሊሙን ልጅ እንዴት ልያዝህ ብላ ጠየቀችው፤ በእናቴ ይያዙኝ አላት፤ ያዘችው፤ እሱም በእናቱ ተይዞ አሸነፋት። አራቱን እሷ ረታች። ወሬው በአዳራሹ ተዛምቶ የባዕድ አገር ጨዋታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ጠጠራቸውን ትተው ሊያዩ ይመጡ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መዝጊያው ደረሰ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተጠሩ፤ አዳነ ሁለተኛ ነው። ከዚያ ዋኘው ድምጽ ማጉያውን ይዞ፣ ለእናታችን የተዘጋጀ ልዩ የክብር ሽልማት አለን አለ። ሁለት ልጆች አዲስ ጋቢ ዘርግተው ይዘው ወጡ። አዳራሹ ሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ያፏጨም፣ እልል ያለም አለ። ሚስጥር ዓይኗን እየጠረገች እናቷን ወደ መድረኩ ገፋ አደረገቻት።

የትነበርሽ ወጣች። ጋቢውን በጣቷ ዳበሰችው፤ ትከሻዋን ግን አልሰጠችም። ሸጋ ጋቢ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ አንደኛ ለወጣው ልጅ አልብሱት አለቻቸው። ቀጥላ ወደ ዋኘው ዞረች።

«እኔ ስንተኛ ወጣሁ?»

ዋኘው ወረቀቱን ፈለገ፤ እስከ ሦስት ብቻ ነበር ሊያነብ ያሰበው። ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አወረደና በሹክሹክታ ነገራት። ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱ ንገራቸው አለችው።

ዋኘው ድምጽ ማጉያውን አነሳ። እማማ ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን አየና ተወው።

«ሰባተኛ፣ የትነበርሽ አለነ።»

አንዳንዱ ሰው አጨበጨበ፤ ከቅድሙ ጭብጨባ እጅግ ያነሰ ነበር። የትነበርሽ ግን ይህኛውን እስኪያልቅ ድረስ ቆማ ሰማችው።