ወደ ቆላ ከመውረዳችን በፊት

ዛሬ ጠዋት የረጠበ ድንጋይ ሲሸተኝ የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ። ልጅ ነበርኩ። ዝናብ ከላስታ ርቆ፣ ጎረቤቶቻችን ለሰፈራ ወደ ቆላ መውረድ ጀምረው ነበር። አባቴ መወሰን ቢያቅተው የንስሐ አባታችን እንዲጸልዩለት ለምኗቸው ነበር፤ መልሱን ሊሰማ ወደ ዋሻው ይዞን ሄደ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላለች። ከዋሻው ጣሪያ ጠበሉ ወደ ድንጋዩ ገንዳ ጠብ ጠብ ይላል።

«አባ፣ እግዜር ምን አለዎት? ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለ አባቴ።

«ልጄ፣ ሱባኤ ገብቼ ለመንኩልህ፤ አልነገረኝም። ነግሮኛል ብልህ ዋሸሁህ ማለት ነው» አሉት አባ። «ብትሄድም ብትቀርም ግን ከአንተ አይለይም። ይህን አውቃለሁ።»

አባቴ መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። ቤት ስንደርስ፣ «እንሄዳለን» አላት እናቴን። እሷም አማትባ ዕቃ ማሰር ጀመረች።

ቆላው እህል አጠገበን። ታናሽ ወንድሜን ግን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደብን። አባቴ እስኪሞት ድረስ በየማለዳው ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላስታ አዙሮ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ይጸልይ ነበር። እያመሰገነ ይሁን እየጠየቀ፣ ዛሬም አላውቅም።