አሥራ አራተኛውን ድርሰት ያረምኩ ጊዜ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ባለፈው ሳምንት የተማሪዎቿን ድርሰት ቤቴ ይዛ መጥታ ልታርም ተቀመጠች። ቀይ እስክሪብቶዋን ስትከፍት የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ነካኝና ተነሥቼ ወጣሁ። ምን ሆንሽ ብትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ።

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ጎንደር ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ከቁስቋም በእግሬ እየተመላለስኩ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ የክፍላችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ የቋንቋ መምህራችን ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮህ ነበር። ክፍሉ እርጥብ ሹራብና ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። መምህራችን አሳማኝ ድርሰት ሲያስተምር አንድ የማይለውጠው ሕግ ነበረው። "መጀመሪያ የተቃዋሚያችሁን ሐሳብ እሱ ራሱ ከሚናገረው አሳምራችሁ ጻፉለት፤ መልሱን ከዚያ በኋላ ስጡት" ይለን ነበር።

ድርሰቶቹን የምናርመው እርስ በርሳችን ነበር። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። አራሚው ከሃያ ነጥብ ይሰጥና ግርጌው ላይ አስተያየቱን በቀይ ጽፎ ይፈርማል። ጥሩ ያረመም የራሱ ነጥብ ነበረው፤ እኔ ደግሞ ለነጥብ ሟች ነበርኩ። ቀዩን እስክሪብቶ ስይዝ ዳኛ የተሾምኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝነቴ።

ርዕሱ ከላይ የመጣ ነበር፦ የመንደር ምሥረታ ለገበሬው ያለው ጥቅም። ለእኔ ቁጥር አሥራ አራት ደረሰኝ። እጅ ጽሕፈቱን ገና ሳየው አወቅሁት። የአዲ አርቃዩ ጓደኛዬ ነበር፤ ሰው ፊት መናገር የሚያፍር፣ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጠን እኔ ስለፈልፍ እሱ ብርጭቆውን የሚያይ ልጅ። እወደው ነበር። ነግሬው ግን አላውቅም።

ሁለት ገጽ ሙሉ የተቃዋሚው ሐሳብ ነበር። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ ሜዳ ላይ ከሰፈረ ዝንጀሮ ማሳው ላይ ሲወርድ ማን ይደርስለታል፣ ከብቱስ እስከ ወንዙ ስንት ሰዓት ይነዳል፣ ቀዬውን ያወቀ ውሻው እንኳ አዲሱን ደጅ መቼ ይለምዳል እያለ ይጠይቃል። እያነበብኩ ዝንጀሮው ይታየኝ ነበር። የጸሐፊው መልስ ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም። አሥራ ሦስት ሰጠሁትና "የተቃዋሚው ሐሳብ አሳምኖኛል፤ የጸሐፊው መልስ ደካማ ነው" ብዬ ፈረምኩ። ለወዳጄ ባለማድላቴ ኮርቼም ነበር።

መምህራችን በእርማቴ ደስ አለው። ማረም እንዲህ ነው ብሎ ድርሰቱን ከነአስተያየቴ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። ሦስት ቀን እዚያው ዋለ። በአራተኛው ቀን ሰሌዳው ባዶ ነበር፤ እኔም የኮሌጁ ካድሬ ቢሮ ተጠራሁ።

ካድሬው ቁጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሰጠኝ። መምህሩ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የያዘው ዝርዝር ጠፍቶብኛል ማለቱን ነገረኝና ድርሰቱ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። አየህ፣ መምህሩ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። እኔ ግን የድሃ ገበሬ ልጅ መሆኑ ይረዳዋል ብዬ ስሙን ተናገርኩ። ድርሰቱ የመንግሥትን ሐሳብ እንደሚደግፍ፣ መልሱ መጨረሻው ላይ እንዳለ ነገርኩት፤ እሱን ያንብቡት ብዬ ለመንኩት።

"አንብቤዋለሁ" አለኝ። "መልሱ ደካማ ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ።"

ተሳስቼ ነው፣ እንደገና ላርመው አልኩ። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ጓደኛዬን በማግስቱ ከክፍል ጠርተው ወሰዱት። ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቂም ፈልጌ አጣሁ፤ ስሙን የሰጠሁት እኔ መሆኔን የሰማ አይመስለኝም። ይህም እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። መምህራችንም በዚያው ሰሞን ተዛወረ ተባለ፤ የት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሐምሌ ላይ የጓደኛዬ አባት መጡ። የሊማሊሞን ዳገት በጭነት መኪና ወጥተው፣ እስር ቤቱ በር ላይ ሦስት ቀን ቆመው፣ እዚህ የለም ተብለዋል። ያን ጊዜ "የለም" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ግን አላወቁም። የልጃቸው ወዳጅ ናት ብለው የጠቆሟቸው ሰዎች ነበሩና ቁስቋም ድረስ ጠይቀው ደጃችን ላይ ተቀመጡ። ካባቸው ከዝናቡ ገና አልደረቀም ነበር።

"ምነው ልጀ፣ ያ ልጅ ምን ጽፎ ነው?" አሉኝ።

ፊደል አይለዩም። ስለ ዝንጀሮው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሻው የማስታውሰውን ሁሉ በቃሌ ነገርኳቸው። ቀስ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይኸንንማ ያልሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ለፋሲካ ሲመጣ ተከራክረን ነበር። እሱሳ ምን ብሎ መለሰልኝ?"

ለመናገር አፈርኩ። ሰው በየተራራው ተራርቆ ሲኖር ሐኪም አይደርስለትም፤ ምጥ የያዛት አንዲት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ ገደሉ አፋፍ ላይ ሞታለች፤ መልሱ ይኸው ነበር። ከጎኑ በቀይ "ማን ናት? ማስረጃ የለም" ብዬ ጽፌበታለሁ። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ዱላቸውን አጠገባቸው መሬት ላይ አኖሩ።

"እናቱ ናት" አሉኝ። "ቃሬዛውን ከፊት የያዝሁት እኔ ነኝ።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። ስሙን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ካባቸውን አስተካክለው ዱላቸውን አነሡ።

"ካገኘሽው፣ አባትህ አምኖልሃል በይልኝ" አሉ።

እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።