የእንግሊዙ ቤትና የእናቴ ጆንያ

አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ ባለው ቤቴ ዝናብ ሲጥል ከረጠበው ጡብ የሚነሳው ሽታ ያደግኩበትን ቤት ያመጣብኛል። አንድ እንግሊዛዊ ባለ እርሻ እንደ አገሩ የገጠር ቤት አስመስሎ በቀይ ጡብ ያሠራው ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ሾጣጣ፣ ጭስ ማውጫው ከባሕር ዛፎቹ ጋር የሚፎካከር። ጡቦቹ አንዱ በርዝመቱ፣ ቀጣዩ በጫፉ እየተፈራረቁ መደርደራቸውን ማንም ሳያሳየኝ ለይቼ ነበር። ስለ ሕንፃ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት በገዛ ዓይኔ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም፣ አላስፈለገኝምም።

ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ዘበኛው ለነበረው አባቴ «ኑርበት» ብሎት ሄደ። በበጋ ከጎጆአችን ወጥተን ገባን፤ እኔም ከክፍል ክፍል እየሮጥኩ፣ እየጮህኩ፣ ድምፄ ሲመለስልኝ እደሰት ነበር። ክረምት ሲገባ እናቴ ምድጃው ውስጥ ቀና ብላ ብታይ ሰማይ ታያት። እሷ ባደገችበት ጎጆ ጭስ በሣሩ መሃል ሾልኮ ይወጣል እንጂ ጣሪያ አይበሳም። «ልጆቼን በቀዳዳ ቤት ብርድ አላስመታም» ብላ ጭድ የሞላ ጆንያ ወተፈችበትና እሳቷን አነደደች።

ከዚያ ወዲያ እሳት በነደደ ቁጥር ቤቱ በጭስ ይሞላ፣ ጨቅላዋን እህቴንም ሳል ያንገላታት ነበር። እናቴ ጡቡን ረገመች። «ይሄ የፈረንጅ መቃብር ነው! ልጄን ይዤ ወደ ጎጆዬ እመለሳለሁ።» አባቴ አንገቱን ደፋ። ቤቱን ልናጣው ነው ብዬ ፈራሁ።

ወጥቼ ጣሪያውን ሳይ ጭሱ በበርና በመስኮት ይጎርፋል፣ ከላይ ግን ምንም የለም።

«እማዬ፣ ጆንያው ነው።»

«ደግሞ አንተ መሐንዲስ ሆንክ?»

«አዎ!»

አባቴ ሳቀና «እስቲ ይሞክር» አለ። እሳቱ ሲጠፋ ገብቼ ጆንያውን ስስበው ጥቀርሻው ፊቴ ላይ ወረደ፤ አባቴ መልሶ ሲያነድ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ወጣ። እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «አንተ ጉደኛ» አለችኝ። መስከረም ሲጠባ ጎጆው ለጥጆቹ ተሰጠ። ጆንያውን ግን አልጣለችውም፤ እሳቱ በጠፋ ቁጥር መልሳ ስትወትፈው እስቅባት ነበር።

የዛሬው ቤቴ ጡብ በእንጨት ላይ የተለጠፈ አንድ ረድፍ ነው፤ ሲያንኳኩት ባዶ ይጮኻል። ምድጃውን አንድደነው አናውቅም፤ ባለፈው ክረምት ግን ብርዱ በጭስ ማውጫው እየወረደ ሲያስቸግረን አሮጌ ልብስ በከረጢት ሞልቼ ወተፍኩበት። ልጄ አይታ ሳቀች፦ «አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ክዳን ኦርደር አደርግልሃለሁ እኮ!»

እጄን ወደ ምድጃው አፍ አስጠጋሁ። ብርዱ ቆሟል።

«ይሄን እንኳ ራሴ አላገኘሁትም» አልኳት። «አያትሽ ናት ያስተማረችኝ።»